አስቀድማ ለምትቀምሰው አስካለ

ይድረስ ለባለቤቴ ለአስካለ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ ብዬ አልጀምርም። ጤናሽን በገዛ እጅሽ ደፍተሽ ነው የሄድሽው። ከተለየሽን ወዲህ ቡና ሲለቀም ይኸው ሁለተኛው ነው። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ቀበሌው በስተርጅና መሠረተ ትምህርት ግባ ብሎ ሲያስገድደኝ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ጽሕፈቱ ቢንጋደድም የማንንም እጅ አልለምንም።

ልጃችን አለሚቱ ባሏን ፈትታ ከሰርቦ ተመልሳለች። ከሸዋ በጭነት መኪና ስንመጣ እንዳይሰበር እንደ ሕፃን ታቅፈሽ ያመጣሽውን እንስራ ጥዳ አረቄ ማውጣት ጀመረች። ደንበኞችሽ ሰምተው ተመለሱ። በቀብርሽ ዕለት «ደግ ሴት፣ ማሎ!» እያለ ደረቱን ሲደቃ የነበረው አናጢው ተሰማ ከሁሉ ቀድሞ ገባ። ለቅሶሽ ላይ የተረፈውን አረቄሽን አሟጦ የጨረሰውም እሱ ነው።

እንግዳ ፊት ሳትቀምሺ አንድ መለኪያ አቅርበሽ አታውቂም። ወጉ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ መቅመስ ነበር፤ አንቺ ግን በመለኪያ ቀመስሽ፣ ለገባው እንግዳ ሁሉ። «በአስካለ ቤት ሆዱን የታመመ የለም» ሲሉሽ እንደ ሹመት ትቀበዪው ነበር። የሰው ሆድ ደህና ሆነ፣ ያንቺ ተነፋ።

የኮሶ ትል ነበረብሽ፤ እሱስ እውነት ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሁሉ አለበት። ሰው ኮሶውን በጠላ በጥብጦ ይጠጣል፤ አንቺ አረቄ ትል ይገድላል ብለሽ በአረቄ በጠበጥሽው። ዓይንሽ ቢጫ ሲሆን፣ እግርሽ ሲያብጥ፣ አሁንም ትሉ ነው አልሽ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «እማማ፣ ለትሉ ክኒን አለኝ፣ ለጉበትዎ ግን የለኝም። አረቄውን ይተዉ፣ ኮሶውንም አይድገሙ» ሲልሽ ሳቅሽበት። «ትሉን አስክሬው ነው እንጂ፤ መንገዱ ጠፍቶት ነው የማይወጣው» አልሽው። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ ቀልድ ታውቂበት ነበር። ትሉ ወጣ። አንቺም በሳምንቱ ወጣሽ።

ዘንድሮ ደግሞ አለሚቱ ሆዴን አለች። ትሉ ከሰገራዋ ጋር ታየ። «በዚህ አጥበዋለሁ» ብላ መለኪያውን አነሳች፤ ቃሉ ያንቺ፣ አነሳሱ ያንቺ። እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። ያው ድሬሰር ዓይኗን ገልጦ አየና ጉበቷ ገና አልተነካም፣ ክኒኑን ትዋጥ፣ አረቄ ግን አፏ አይግባ አለኝ። እሷ ደግሞ እኔ ካልቀመስኩ ማን ይጠጣልኛል አለች።

በርጩማዬን አውጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ተሰማ እንደ ልማዱ «ቅመሺልኝ እንጂ እቴ» ሲላት፣ «አትቀምስም! የጠረጠረ ይውጣ» አልኩት። መለኪያውን ሳይነካ አስቀመጠው። አጠገቡ የነበሩትም አስቀመጡ። በገበያ ቀን ወሬው ሰፈራችንን መንደራ ቆጪን ሞላው። እዚያ ቤት መጠጡ ውስጥ መድኃኒት ይደረጋል፣ አሮጊቷም የሞተችው የገዛ መርዟን ቀምሳ ነው ተባለ። በደጅሽ ያረጁ ሰዎች እንኳ «ድሮም እኮ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር» ማለት ጀመሩ።

የእድሩ ሽማግሌዎች መጥተው የሚስትህን ስም አስተባብል እንጂ አሉኝ። ዝም አልኳቸው። አንድ ቃል ብተነፍስ ስምሽ ይመለሳል፤ ስምሽ ከተመለሰ ጠጪው ይመለሳል፤ ጠጪው ከተመለሰ ልጅሽ ትቀምሳለች። ደግመው ጠየቁኝ፣ ደግሜ ዝም አልኩ። ስምሽን እንዲህ አድርጌ ነው የጣልኩት፣ ዓይኔ እያየ። አልጸጸትም።

አለሚቱ አረቄውን ትታ ቡና ለቀማ ትወጣለች። የእናቴን ስም አስበላህ ብላ አታናግረኝም። ምግቤን ታቀርብና ፊቷን ታዞራለች። ዓይኗ ግን ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ ስታፈጥብኝ አየዋለሁ።

አንቺም ተቆጪኝ። በሕይወት ሳለሽ ምክሬን ሰምተሽ አታውቂም፤ አሁን ግን መልስ የለሽም። እጅሽ ንጹሕ እንደነበር፣ ከቤትሽ አንድ ሰው ሆዱን ታሞ እንዳልወጣ፣ ደፍሮ የሚያምን ከእንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ። እስክሞት ለማንም አልናገረውም። እስክሞትም አልረሳውም።

ባልሽ ወርቁ