የሚረግጠው ካምቢዮ

ታኅሣሥ 8

ድሬ በዓመት አንዴ የምትመችበት ሰሞን። ፀሐዩም ልኩን ያውቃል። ቀፊራ ገበያው ግን ተኝቷል። ፓፓያ በዝቷል፣ ብርቱካን የለም። ከሰዓት በኋላ ሹፌሬ ፍራኦል ፒካፗን አሳጥቦ አመጣት። ሹፌር ሥራ ሲያጣ መኪና ያሳጥባል... ምን ያድርግ? ባዶዋን ከተማ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። ጭነት ይዛ ዳገት ስትጀምር ነው ጉዱ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሰማም። አውቶማቲክ ስለሆነች ማርሹን የምትቀይረው ራሷ ናት።

ሂሻም በሱቄ በር ሲያልፍ፣ "ቱሪያ ደንገጎ፣ ሰላም ነው?" አለኝ። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ታኅሣሥ 9

ትናንት መሳቄ ከነከነኝ። ለራሴ ልጻፈው፣ እንዳይለዝብብኝ።

ፒካፗን የሸጠልኝ ሂሻም ነው። እንደኔው የፍራፍሬ ነጋዴ ነው፣ ሱቃችን ጎን ለጎን ነው። ሁለት መንትያ መኪኖች በጅቡቲ አስገብቶ አንዷን ለራሱ አስቀረ። "ለእህቴ እንደምሸጥ ነው። ካምቢዮዋ ቅቤ ነው፣ ማርሽ ስትቀይር አይታወቅሽም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይታወቅም ነበር።

ባለፈው ረመዳን የመጀመሪያ ቀን ሐብሐብ ጭኜ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ቀጥ አለች። ጭነቱ የኤዶ ፋዱማ ነበር፤ ኤዶ የምንላት እንደ አክስት ነው። ሐረር ሸዋ በር ያለው ትልቁ የፍራፍሬ ሱቅ የሷ ነው። ረመዳንን ሙሉ ከአንድ ሰው ብቻ ነው የምትገዛው፤ ያ ሰው ለዓመታት እኔ ነበርኩ። ሂሻም ጥሩምባ እየነፋ አለፈኝ። አልቆመም። የራሱን ጭነት ደጃፏ አራግፎ ቦታዬን ወሰደ። በኋላ ስደውልላት፣ ሴት ልጅ መኪና መያዝ ይከብዳታል ብሎ እንደነገራት አጫወተችኝ። ቱሪያ ደንገጎ የሚለውንም ቅጽል ስም ቀፊራ ላይ ያወጣልኝ እሱ ነው።

መኪናዋ ምን እንዳለባት ያውቅ ነበር? ያውቅ ነበር። ሊሸጥልኝ ሲል የካምቢዮ ዘይት የቀየረለት ሰው ነግሮኛል። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ይሸት ነበር አለኝ።

መናደድ ሥራ አይሆንም። ቦታዬን እፈልጋለሁ። እሱ ሲያጣውም ማየት እፈልጋለሁ።

ታኅሣሥ 21

ሜካኒኩ ጢሞቴዎስ ጋ ሄድኩ። ጋራዡ ከከዚራ ወረድ ብሎ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ብዙ ሠርቷል፤ ይሄንን ሳይነግርሽ ቡሎን አይፈታም። ካምቢዮውን አውርዶ ከፈተው። ውስጡ ያሉት ዲስኮች ከሰል መስለዋል።

ቅቤ ነው ተብሎ እንደተሸጠልኝ ነገርኩት። ሳቀ።

"ቅቤውማ ነው የጨረሳት።"

አስረዳኝ። አንዱ ማርሽ ለቆ ሌላው እስኪይዝ መሐል ላይ መንሸራተት አለ። ሰው እሱን ምቾት ይለዋል። ጭነት ሲኖር ግን ያ መንሸራተት ዲስኩን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ማርሹ ፈጥኖ፣ አጥብቆ እንዲይዝ ማድረግ ነው። አዲስ ዲስክ፣ የዘይቱን ግፊት የሚያበረታ ጠንካራ ሞላ፣ ከፊት ደግሞ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ።

"ግን ትረግጥሻለች። ማርሽ በቀየረች ቁጥር ጀርባሽን ትመታሻለች። ኋላ መጥተሽ አበላሸኸው እንዳትዪኝ።"

ትርገጠኝ።

ልወጣ ስል ስለ መንትያዋ ጠየቅኩት። ስለ ሂሻም መኪና። እሷም እንዲሁ ልስልስ ካለች ሄዳ ሄዳ እዚሁ ነው የምትመጣው አለ። ከባድ ጭነት እስኪያገኛት ነው።

ይሄንን ለማንም አልነገርኩም።

ጥር 18

መኪናዋ ከጋራዥ ወጣች። ጢሞቴዎስ ላፕቶፕ ሰክቶ ማርሽ የምትቀይርበትን ፍጥነት አስተካከለ። ለሙከራ ሐብሐብ ጭነን ሦስታችንም ደንገጎ ወጣን። ወይ ረገጣ... ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትገባ የፍራኦል ኮፍያ ወደቀ። ዳገቱ ላይ ግን ያዘች። ሞተሩ አይጮኽ፣ የዘይቱ ሙቀት አይነሳ። አምና የቆምኩባትን ኩርባ ስናልፍ ወደ ውጭ አላየሁም።

አናቱ ላይ ወርደን የጭነቱን ሸራ ስንገልጥ ሐብሐቡ ተሰነጣጥቋል።

"ቱሪያ፣ ለሐረር ጭማቂ አድርገን ነው እንዴ የምናደርሰው?" አለ ፍራኦል።

ጢሞቴዎስ አልሳቀም። በሥራው ሲቀለድ አይወድም።

ጥር 21

ሁለተኛ ሙከራ። ጢሞቴዎስ ከላይ ያሉትን ማርሾች ትንሽ አለዘባቸው፣ የመጀመሪያው እንደረገጠ ቀረ። ያንንም ካለዘብኩት ዳገት ላይ ዲስኩ ይበላል አለ። እኔም እንዳታለዝበው አልኩት። ከሐብሐቡ ሥር ገለባ የሞላ ጆንያ አነጠፍን። አንድም አልተሰነጠቀም።

ጥር 29

ከከዚራ ስንመለስ ሂሻም መንገድ ዳር ቆሞ አገኘነው። ቀፊራ አድርሱኝ አለ። ኋላ ገባ። ፍራኦል ሲነሳ መኪናዋ ረገጠች። ሂሻም ወንበሩን ያዘ።

"አቦ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

እንጃ አልኩት።

"ቱሪያ፣ ይቺ ካምቢዮ ጣር ላይ ናት። ማርሽ መርገጥ ከጀመረ አለቀ በቃ። የኔን ብታያት፣ ወላሂ፣ እንደ ሕፃን ነው የምታባብልሽ።"

እዚህ ከተማ ሁሉም የሚያምነው እንደዚያ ነው። ካምቢዮ ካልተሰማ ጤነኛ፣ ከረገጠ ሟች። እኔስ ጢሞቴዎስ ጋ እስክሄድ ሌላ ነበር የማምነው? ፍራኦል ሊናገር አፉን ከፈተ። በጎን አየሁት። ዘጋው።

"ረመዳንን ካወጣችልኝ ይበቃኛል" አልኩ።

ሂሻም አጽናናኝ። እየወረደ ሁሉ አጽናናኝ።

የካቲት 4

ኤዶ ፋዱማ ደወለች። ዘንድሮ ቦታውን ልትመልስልኝ አስባ ነበር። ሂሻም ግን መኪናዋ ጣር ላይ ናት፣ ተቀምጬባታለሁ ብሎ ነግሯታል። እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ምን ልበላት? እውነቱን ብነግራት እስከ ማታ ቀፊራ ይደርሳል። እሱ ይነቃል። ጭነቱን ይቀንሳል፣ መኪናውን ያስፈትሻል...

ለሱ ስጪው አልኳት። የመጀመሪያውን ቀን ግን እኔም ጭኜ እንደምመጣ ነገርኳት።

"ከሱ ጋር ፋቲሃ ከቀራን በኋላ ካንቺ አንድ ፍሬ አልነካም። ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። የሷ ደንብ ነው። ውል ማሰሪያው ፋቲሃ ተቀርቶ ለአንዱ ቃል ከተሰጠ፣ በመጀመሪያው ቀን የዐስር አዛን፣ የከሰዓት በኋላው የስግደት ጥሪ፣ እስኪል ከሌላ አትገዛም። ባለቃሉ በአዛን ካልደረሰ ቦታው ይወድቃል፤ ደርሶ የተገኘ ያነሳዋል። አምና ሂሻም ያነሳው እንደዚያ ነው።

እሱ ከደረሰ ሐብሐቤን እንደጫንኩ ፀሐይ ላይ እቀራለሁ። ደግሞም መሳቂያ እሆናለሁ። ይሁን።

የካቲት 10

ነገ ጾም ይገባል። ሂሻም ቀፊራ መሐል ሲያስጭን ዋለ። በአንድ ጉዞ ሁሉንም ሊያደርስ ነው፤ ጎንና ጎኑን ጣውላ አስመትቶ ከፍ አድርጎታል። የኋላ ጎማዎቹ ተኝተዋል። እዚያ ቆሜ አየሁ። አንድ ቃል ብናገር ግማሹን ያወርድ ነበር? ምናልባት።

ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

የካቲት 11

አፍጥሬ ነው የምጽፈው። 

ሂሻም ቀድሞ ወጣ። እኛ ዘግየት ብለን፣ መጠነኛ ጭነን። ደንገጎ ዳገቱ እኩሌታ ላይ መንገዱን ይዞ ቆሞ አገኘነው። የሞተሩ ክዳን ተከፍቷል፣ የተቃጠለ ዘይት ከሩቅ ይሸታል። ፍራኦል እንቁም ወይ አለ። አቁም አልኩት። እኔ ቆሜያለሁ፤ እሱ አምና አልቆመም። ይሄ ይጻፍልኝ።

ወደ መስኮቴ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል። ኋላ ያለውን ቦታ አየ። ግማሹን ጫኚልኝ አለ፣ ግማሹ እንኳ በስሜ ይድረስልኝ። ከደረሰ ቦታው የሱ ሆኖ ይቀራል። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

"መኪናዬ ጣር ላይ ናት፣ ሂሻም። ሐረር ድረስ አስነግረሃል። የሰው ዕቃ ይዤ መንገድ ላይ ብቀርስ?"

 መኪናዋን ብቻ አያት፣ ከጎማ እስከ ጎማ። ፍራኦል ነዳጅ ሰጣት። ረገጠችና ወጣች።

ሸዋ በር ስንደርስ የፋዱማ ጠረጴዛዎች ባዶ ናቸው። ለማፍጠሪያ የሚገዛው ሰው ተኮልኩሏል። ወጥታ ሐብሐቡን አየች፣ ሂሻም የት እንደደረሰ ጠየቀችኝ። ደንገጎ አልኳት። ምን ሆኖ? ካምቢዮ። ተመልሳ ገባች። ቃል ቃል ነው። እኛ ደጃፏ ላይ ተቀመጥን። አንዲት ሴት ከመኪናው ላይ ሽጪልኝ አለችኝ። አልሸጥኩም። ከመንገዱ ማዶ ፒካፕ በመጣ ቁጥር ብድግ እላለሁ... ጠግኖት ቢሆንስ? ሌላ መኪና ለምኖ ቢሆንስ?

አዛን አለ። ፋዱማ አሁንም አልወጣችም። ሰግዳ ጨርሳ ነው የወጣችው።

"ወሪያ፣ አንተ፣ አውርድ" አለችው ፍራኦልን።

እየወረደ ሳለ አጠገቤ ቆመች። መኪናዬ ደህና እንደነበረች ገብቷታል። ብነግርሽ ይሰማ ነበር አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ግን ፊቷ አልተፈታም።

"ሂሻምን እንደፈለግሽ አድርጊው። እኔ ግን ዛሬ ባዶ ጠረጴዛ ታቅፌ ሰው ፊት ዋልኩ። ከእንግዲህ መኪናሽ ብታስነጥስ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ።"

እሺ አልኳት። ከዚያ መዳፋችንን ዘርግተን ፋቲሃ ቀራን። ረመዳን ሙሉ የኔ ነው።

እሷ ያለችኝ ነገር ትንሽ ወጋኝ። የሂሻም ግን አልወጋኝም። ምንም።

የካቲት 13

ዛሬም በሰዓቱ ደረስን። ፋዱማ ማንጎ ጨምሪ ብላኛለች።

የካቲት 16

ሂሻም ሱቄ መጣ። በር ላይ ቆመ፣ "ሰላም ቱሪያ" ብቻ አለ። የሱ መኪና እስካሁን ደንገጎ ሰው ግቢ ውስጥ ቆማለች። ያንቺን ማን ሠራት ብሎ ጠየቀኝ። አንገቱን ደፍቶ ነው የጠየቀኝ።

ስሙን ነገርኩት። ስልኩንም ሰጠሁት። ጋራዡ የት እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሚገባ ሁሉ አስረዳሁት። ጢሞቴዎስን ትናንት ጠይቄዋለሁ፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ ካምቢዮ የሚሆነው ዕቃ ከዱባይ መጥቶ እስኪገጠም ኢድ ያልፋል። ይሄን ጋራዥ ሲደርስ ይሰማል።

"አላህ ይስጥሽ" አለኝ። "ሌላ ሰው ቢሆን አይነግረኝም ነበር።"

ምን ችግር አለ አልኩት። ጾም ነው፣ ሻይ አይባል... ወንበር ሳብኩለት። ደክሞት ነበር። ፍራኦል የሐረሩን ሐብሐብ ጭኖ እስኪጨርስ ሂሻም ተቀምጦ አየ።