ኦዳው ሥር ያስተማርንበት ጥቅምት

ጥቅምት 4
ተራ ቀን። ጠመኔው እጄን አሳከከኝ። ከሰዓት ስብሰባ... ዳይሬክተራችን አቶ ጉርሜሳ ከሕንድ ሥልጠና ተመልሰዋል። ሻንቲኒኬታን የሚባል ቦታ አይተው። አንድ ገጣሚ ከመቶ ዓመት በፊት በአምስት ልጆች የጀመረው ትምህርት ቤት ነው አሉን። ዛፍ ሥር፣ ያለ ዱላ። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ የዓለም ሰው እንደ ወፍ በአንድ ጎጆ የሚሰበሰብበት።

"ግድግዳ ልጅን ከተፈጥሮ ይለያል። ከነገ ጀምሮ ውጪ፣ ግቢያችን ያለው ኦዳ ዛፍ ሥር ነን።"

ገጣሚው ለትምህርት ቤቱ የሚስቱን ጌጥ ሳይቀር ሸጧል ሲሉ፣ ጸሐፊያችን ኮከቤ ሐብሏን ሻርፗ ሥር ከተተች። የአቶ ጉርሜሳ ሚስት ናት።

ጥቅምት 6
ጥቁር ሰሌዳውን ንፋስ ጣለው። ስለ ቅጠል ሳስተምር ቅጠል ደብተራቸው ላይ ወደቀ። ደስ አለኝ እንዴ?

ጥቅምት 11
ኦቦ ሙሜና ቡሽራ መጥተው ተማሪዎቼ መሃል ቁጭ አሉ። ሁለቱም ወላጆች ናቸው። ኦዳ ሥር ሰው ተሰብስቦ ሲያዩ፣ እንደ አገሩ ልማድ ሽምግልና መስሏቸው...

"የቡሽራ ፍየል ጫቴን በላች" አሉ ኦቦ ሙሜ።

"የሳቸው ጫት ፍየሌን እንቅልፍ ነሳት። ስትጮህ አድራ ቤተሰቡ አልተኛም። ካሳ የሚገባኝ እኔ ነኝ።"

"ትምህርት ላይ ነን" አልኩ።

"ችግር የለም፣ እንጠብቃለን።"

የቡሽራ ልጅ ዩስራ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ አባዬ አጥራቸውን ይጠግን። ኦቦ ሙሜ ደግሞ ፍየሏ እስክትተኛ አብረዋት ይቀመጡ።"

አሰቡበት። ተስማሙ። "ገለቶማ" ብለው አመስግነውን ሄዱ። የዛሬውን ትምህርት ምን ብዬ ልመዝግበው?

ጥቅምት 13
ሌላ ባለጉዳይ ለሽምግልና መጣ፣ ከገለምሶ ከተማ በሚኒባስ። አቶ ጉርሜሳ ፊታቸው በርቷል። "ከሕይወት መማር ይሄ ነው።"

ጥቅምት 18
ወላጆች ልጆቻችን ውጪ ተቀምጠው ሽምግልና ሲሰሙ ይውላሉ ብለው ተቆጥተዋል። ልጆቻችንን እናስወጣለን እያሉ ነው። ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ይሆን?

አቶ ጉርሜሳ ብቻቸውን ዛፉ ሥር ነበሩ። "አምስት ልጅ ከቀረልኝ እቀጥላለሁ። አንቺስ ኩብራ?"

ጠመኔዬን ሰብስቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጥቅምት 21
የወላጆች ስብሰባ፣ ክፍል ውስጥ። በልጆች ዴስክ ተጣበው፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ... ሙቀቱ አይጣል። ቡሽራ ላቡን እየጠረገ "ልጆቻችን ሜዳ ላይ ተጣሉ" አለ።

"አፈነን፣ ወጥተን እንጨርሰው" አሉ ኦቦ ሙሜ።

ወጣን። ኦዳው ሥር ተቀምጠን፣ ልጆቹ ክፍል ይግቡ አይግቡ እያልን እስከ ዙሁር ሶላት ተከራከርን። ንፋሱ ደስ ይላል። ለመሄድ የቸኮለ የለም። ቡሽራ ድንገት ዙሪያውን አየ።

"እኛ አሁን የት ነው ያለነው?"

ኦቦ ሙሜ ቀና ብለው የኦዳውን ቅርንጫፎች አዩ።

ጥቅምት 23
ጥቂት ልጆች ትምህርት ቤቱን ለቀቁ፣ ብዙዎቹ ቆዩ። ክፍል ወይስ ውጪ፣ መምህሩ ይምረጥ ተባለ። ክፍሌን ከፈትኩ። ዴስኮቹን አየሁ። ተማሪዎቼ ደጃፍ ቆመው ፊት ፊቴን ያዩኛል።

በሩን መልሼ ቆለፍኩና ቁልፉን ለኮከቤ ሰጠኋት።

"እስከ ስንት ሰዓት ላስቀምጥልሽ?"

"ክረምት እስኪገባ።"