የፎም ባለሙያው የአቶ ይሄይስ ታፈረ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይሄይስ ታፈረ ከአባታቸው ከአቶ ታፈረ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺመቤት አበራ በ1968 ዓ.ም. እዚሁ ሒርና ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚሁ ከተማሩ በኋላ ድሬዳዋ ወርደው በአንድ ጋራዥ የመኪና ቀለም መርጨት ለመዱ። በ1994 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሸዋርካብሽ ደምሴ ጋር ተጋብተው ልጃቸውን ሀረገወይንን ወለዱ።

በ2003 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሶማሌላንድ ዋና ከተማ ወደ ሐርጌሳ ሄዱ፤ ዳሚ በሚባለው ሰፈር ኖሩ። እዚያም ዱዓሌ የተባሉ ተቋራጭ ፎም መርጨት አስተማሯቸው። ፎም ሁለት ፈሳሾች በቱቦ ጫፍ ተቀላቅለው ሲረጩ የሚነፋ፣ ሲደርቅም ሙቀት የማያስገባ ነገር ነው። አቶ ይሄይስ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና በማቀዝቀዣ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ይረጩት ነበር። ተነፍቶ የተረፈውን በቢላ ከርክመው ላሜራ ያለብሱታል፤ ከዚያ በኋላ ሥራቸው አይታይም። የመተንፈሻ ጭንብል ያገኙት በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ ነው።

በ2015 ዓ.ም. አቶ ዱዓሌ ሥራውን ሲተዉ፣ አቶ ይሄይስ በራሳቸው ስም ፈቃድ ለማውጣት አመለከቱ። የከተማው የሥራ ፈቃድ ቢሮ መርማሪ በዓይኑ ያየው ሦስት ሥራና የሳንባ ጤንነት ማረጋገጫ ጠየቃቸው። ሥራቸው ሁሉ ግን ተሸፍኗል። የቤቶቹ ባለቤቶች ላሜራውን አንድ ክንድ ያህል እንዲከፍቱላቸው እየዞሩ ለመኑ። አሥራ አንዱ አልፈቀዱም። ሁለት የፈቀዱ እስኪገኙ ዓመት አለፈ። ሦስተኛዋ ጅግጅጋ ያደጉት የግመል ወተት ነጋዴ ወ/ሮ ኒሞ ነበሩ። «ይሄይስ፣ መዶሻውን ወዲህ በል! ወተቱ ቢበላሽ ግመሎቹ አልሞቱብኝ» ብለው የማቀዝቀዣ ክፍላቸውን ግድግዳ ራሳቸው ከፈቱ። መርማሪው አይቶ ፈረመ። አቶ ይሄይስ ግድግዳውን መልሰው ሲዘጉ ለትንፋሽ አራት ጊዜ ተቀመጡ። የመጨረሻ ሥራቸው ይኸው ሆነ።

የሳንባውን ማረጋገጫ ግን ሐኪሙ አልፈረሙላቸውም። ለዓመታት የሳቡት የፎም ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶታል። «ይህን ሥራ ይተዉት እንጂ እንዴት ፈቃድ ይጠይቁበታል?» አሏቸው። ሁለት ጊዜ ተመልሰው ሄደዋል፤ መልሱ ያው ነበር።

ከአሥር ወር ሕመም በኋላ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ50 ዓመታቸው ሐርጌሳ ውስጥ አረፉ። አስከሬናቸው ድንበር የሚያልፍበት ወረቀት በአንድ ቀን አለቀ። ሙያ በሚለው ቦታ «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፎበታል። ልጃቸው እንዲታረም ብትጠይቅ ፈቃዳቸውን አምጪ ተባለች።

ስለዚህ እዚህ፣ በተወለዱበት አገር ሰው ፊት፣ ይነበብላቸው፤ አቶ ይሄይስ ታፈረ ለአሥራ ሁለት ዓመት የፎም ባለሙያ ነበሩ።

ባለቤታቸው ወ/ሮ ሸዋርካብሽና ልጃቸው ሀረገወይን ከእርሳቸው ተለይተው ቀርተዋል። ተሸፍኖ የቀረውን ሥራቸውን የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል።