የቡ ላይ ያልተለቀሰ ለቅሶ

ኅዳር 4 ቀን 1972፣ ጅማ

ጠዋት ካፊያ። ቢሮ ስገባ ማንም አልነበረም። የጽሕፈት መኪናው ሪባን ደርቋል፤ ገልብጬ መታሁበት። ስለ ቡና ለቀማ ሁለት ገጽ ዜና… ያው የአምናው ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ተለውጧል።

ከሰዓት በኋላ የቢሮው ኃላፊ ጓድ ደበበ ጠራኝ። መሠረተ ትምህርት ጨርሰው ማንበብ ለቻሉ ገበሬዎች ትንሽ መጽሐፍ ታስቧል። የአካባቢው ግጥምና ተረት፣ በአማርኛ። ሃያ ሁለት ዓመት በጋዜጠኝነት ስለሠራሁ ከሰው አፍ ሰብስቤ የማመጣው እኔ ነኝ። ካማረ፣ ወደ አዲስ አበባ የመመለሴን ጉዳይ ራሱ ጽፎ እንደሚልክ ነገረኝ።

አዲስ አበባ ማን አለኝ? ማንም። ቢሆንም መመለስ እፈልጋለሁ። እዚያ ቢያንስ መንገዱ ያውቀኛል። እዚህ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊው ከሙሐዲን ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቼ። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ይሰማል። እሱ ሲቆም ሌላ የሚሰማ ነገር የለም።

ኅዳር 9

ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የቡ ዋልኩ። ሙሐዲን የሰፋውን ልብስ ሊያደርስ ሲሄድ ተከተልኩት። ኦሮምኛዬ ሰላምታ ላይ ያልቃል፤ አስተርጓሚዬ እሱ ነው። መንገዱን ሙሉ ሲስቅብኝ ነበር። "አንተ ጋዜጣ፣ 'አካም ጅርታ' ትላለህ፣ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ሲመልስልህ ደግመህ 'አካም ጅርታ' ትላለህ። መሸበት እኮ ሰውየው።"

በየደጁ ቡና ለፀሐይ ተሰጥቷል። ወይዘሮ ባህሪያ ቤት ገባን። ሙሐዲን "ሀደ ተማም" ይላቸዋል፣ የተማም እናት ማለቱ ነው። ስድሳ ይሆናቸዋል። ባላቸው አምና ሞተዋል። በርጩማ ይሠሩ ነበር፤ ያንን ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግሩን። በእስልምናው ደንብ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትወጣ ትቆያለች። የነገሩንን ግጥም ያወጡት ያኔ ነው።

በዝግታ አሉት። ዜማም አይደለም፣ ወሬም አይደለም። እጃቸው ቡናውን ያገላብጣል። ጎረቤቶቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ለጢፋ የምትባለው በአማርኛ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ሀደ ተማም በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ድምፃቸው ከደጅ አልወጣም አለችኝ። የማዕረግ ያህል ነው የተናገረችው። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ ለምን እንዳለችው ግን አልጠየቅኩም።

ሙሐዲን የነገረኝ ይህ ነው፦

በርጩማው ሁለት እግር አወጣ፣
ሦስተኛው እንጨቱ ውስጥ ነው።
የውዱእ ውሃው እንደ ሞላ አደረ።
ቡናው ቀላ፣ ለቀምኩት።
የሰጠ ወሰደ፤
እኔ ደጃፌን ጠረግሁ።

ስንነሳ ስማቸውን እጽፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። እጽፋለሁ አልኳቸው። ደስ አላቸው። ስማቸውን ማንበብ የቻሉት ባለፈው መስከረም ነው።

ኅዳር 11

ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። ደረቅ ነው። ባሏ ሞቶ ደጃፍ ትጠርጋለች? ለቅሶው የት አለ? ይህን ያነበበ ሰው ምን ይላል?

አራተኛው ላይ እጄ ራሱ ሄደ። ቤት መታ፦

አንበሳው ባሌ ጋሻዬ ወደቀ፣
ደረቴን ልምታው አንጀቴ ደቀቀ።
ፀጉሬን ነጭቼ ልበትነው ሜዳ፣
ያላንተማ ቤቴ ሆነብኝ ባዳ።

በርጩማው ቀረ። ለሶላት የሚታጠቡበት ውሃም ቀረ። ሲያልቅ ፊቴ ርሶ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ… ግጥም ማለት ይህ ነው አልኩ ለራሴ።

ኅዳር 12

ደበበ መነጽሩን አወለቀ። "ጓድ ከፈለ፣ አንጀቴን በላኸው" አለ። ዝውውሩን ዛሬውኑ እጽፋለሁ ብሏል።

ታኅሣሥ 8

ሦስት መቶ ቅጂ ተባዛ። የማባዣው ቀለም ከጥፍሬ ሥር አልወጣ አለ። ገጽ አሥራ አራት፣ "የባህሪያ ለቅሶ፤ ከየቡ"። ርእሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 19

ሙሐዲን ከየቡ ተመለሰ። ሰላም አለኝ፣ አልቀለደብኝም። የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ ተቀመጠ።

መጽሐፉ የቡ ደርሷል። የመሠረተ ትምህርቱ አስተማሪ ገጽ አሥራ አራትን ለሚማሩት ሴቶች በአማርኛ አነበበላቸው፣ ከዚያ በኦሮምኛ አስረዳቸው። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ባህሪያን አዩዋቸው። ለጢፋ ናት የጠየቀቻቸው… እውነት ፀጉርሽን ነጨሽ? ደረትሽን መታሽ?

በእነሱ ዘንድ በሙት ላይ መጮህ፣ ፀጉር መንጨት፣ የፈጣሪን ፍርድ አልቀበልም እንደማለት ነው። ይህን ሙሐዲን ሲነግረኝ እንደማላውቀው አልነበረም። እንዴት ነው የማላውቀው? እዚህ ስንት ለቅሶ በዝምታ ሲያልፍ አይቻለሁ። አውቄው ነው ስጽፍ ያልታሰበኝ።

ሰዉ ደግሞ የመንግሥት ወረቀት አይዋሽም ይላል። እንግዲህ ባህሪያ ያኔ ተደብቀው ጮኸዋል፣ ካልሆነም ለጋዜጠኛ ዋሽተዋል። ትምህርቱን ትተዋል። ገበያም አልወጡም።

"ራሳቸው ምን አሉ?" አልኩት።

"'ይህቺን ሴት አላውቃትም' አሉ። 'ቤቴ ገብታ በስሜ ታለቅሳለች።'"

ግጥሙን ስትነግረኝ ለምን አላስጠነቀቅኸኝም አልኩት። ጥፋተኛ ፍለጋ ነበር መሰለኝ። መቀሱን እያየ መለሰልኝ፣ "የነገርኩህን የምትጽፍ መስሎኝ ነዋ።"

ታኅሣሥ 20

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የተናገረውን አንዲት ቃል አልቀየርኩም። በዚህ የሚያማኝ የለም። ታዲያ እዚህ ምን ነካኝ? ግጥም ስለሆነ? አሮጊቷ ጋዜጣ ስለማያነቡ?

በእኛ ቤት ሐዘን ካልጮኸ ሐዘን አይመስልም። ሙሾአችንም የተሠራው ለዚያ ነው፤ ደረት እየተመታ እንዲባል፣ ሩቅ ያለ እንዲሰማ። የእሳቸው የተሠራው ከአጠገብ ለተቀመጠ ሰው ነው። ማጠሩ፣ ዝቅ ማለቱ፣ የባላቸውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አለመጥራቱ… ደረቅ ብዬ የጣልኩት እሱን ነው። እምነታቸውም፣ ኑሯቸውም፣ አራት ወር ከአሥር ቀን የቻሉትም እዚያ ነበር። ትርጉሙን ይዤ መጣሁ፤ ሴትዮዋን የቡ ትቼ።

ግን ያ ለቅሶ ከየት መጣ?

ደጋግሜ አነበብኩት። በመጨረሻ ድምፁን ለየሁት። የእናቴ ነው። እናቴ ሸዋረገጥ በአገሯ የታወቀች አስለቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት ፈረስ ተጭኖ ይመጣላት ነበር። "ጋሻዬ ወደቀ" ስትል ልጅ ሆኜ ስንት ድንኳን ውስጥ ሰምቻለሁ።

ይህን መጻፍ አይገባኝም። ልጻፈው። ታናሽ ወንድሜ ፍስሐ የተገደለው በየካቲት 1970 ነው። ሃያ ዓመቱ ነበር። እንዳናለቅስ ታዘዝን። በራችን ላይ ጠብመንጃ የያዘ ሰው ቆመ፣ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ። የሰውን ሙት ሁሉ ስታስለቅስ የኖረች ሴት ለገዛ ልጇ ነጠላዋን ነክሳ ተቀመጠች። ዓመት ሳይሞላት እሷም ሞተች። እኔ ፍስሐ በተገደለ ማግስት ሥራ ገባሁ። የዚያን ቀን ገጽ አርሜያለሁ፤ አንድ ስህተት አላለፈኝም።

ያንን ነው አንስቼ ወይዘሮ ባህሪያ ላይ የጫንኩት።

ታኅሣሥ 22

መጽሐፉ ይሰብሰብ፣ ገጹ ይታረም አልኩት ደበበን። ሳቀ። ሪፖርቱ ሄዷል፤ የክፍለ ሀገሩ ሰዎች ከሁሉ የወደዱት ደግሞ ያንኑ ገጽ ነው። ለአንዲት አሮጊት ብሎ ሦስት መቶ መጽሐፍ የሚሰበስብ ማን አለ? ስሟን በቀለም ሰርዘው አለኝ።

ስማቸውን መሰረዝ… ያነበቡትን የመጀመሪያ ስም።

አይሆንም አልኩት። "እንግዲያው ጥፋቱ የራሴ ነው ብለህ ፈርመህ ጻፍ፤ እኔ የለሁበትም። ዝውውርህን ግን እርሳው" አለ። እስከ ነገ እንዳስብበት ነገረኝ።

ታኅሣሥ 23

እርማት። ጋዜጣ ላይ ከታች ጥግ፣ በትንሹ ፊደል የምናስገባው፣ ማንም የማያነበው። ስንት ጽፌያለሁ፣ በሌላ ሰው ስህተት። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ስህተት ጻፍኩ። ሦስት መስመር ፈጀ። ግማሽ ቀንም ፈጀ። ፈርሜ ለደበበ ሰጠሁት፤ መጽሐፉ እንዲሰበሰብ ፈቀደ።

ታኅሣሥ 29

ከየትምህርት ጣቢያው የተመለሰው መጽሐፍ ክፍሌ ውስጥ ተከምሯል። የድሮውን ገጽ እቆርጣለሁ፣ አዲሱን በሙጫ አጣብቃለሁ። አዲሱ ላይ ያሉት ስድስቱ መስመሮች ብቻ ናቸው፣ ሙሐዲን እንደ ነገረኝ። ርእስ የለውም። ከሥሩ "ባህሪያ፣ የቡ"።

ምላጬ ደነዘ። ሙሐዲን ሳልጠይቀው የራሱን መቀስ ይዞ መጣ። ልብስ ሰፊ መቀሱን ለወረቀት አያውስም፤ ይደንዝበታል። ሚስቱን ሀዋን እንኳ በዚህ ሲቆጣት ሰምቻለሁ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ እስኪመሽ ሲቆርጥ ዋለ። "ጨርቅ ቢሆን ትራፊውን እሸጥልህ ነበር" ብቻ ነው ያለው።

አንድ የድሮ ገጽ አስቀረሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጥር 6

የቡ፣ የመሠረተ ትምህርቱ ክፍል ውስጥ። ሙሐዲን ለጢፋን ልኮ ወይዘሮ ባህሪያን አስመጣቸው። ከኋላ ተቀመጡ፣ ሻሻቸውን ወደ ፊት ስበው።

ሴቶቹ ፊት ቆምኩ። ያነበባችሁት የወይዘሮ ባህሪያ አይደለም፣ የጨመርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሙሐዲን ተረጎመው። ከዚያ ስድስቱን መስመር በአማርኛ አነበብኩ። አስተማሪው በኦሮምኛ ሊያስረዳ ሲነሳ ከኋላ ድምፅ መጣ። ራሳቸው ናቸው። በራሳቸው ቋንቋ፣ ተቀምጠው፣ እንደዚያን ቀን ዝቅ አድርገው አሉት። ሲጨርሱ ለጢፋ ከፊት ተነስታ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ያ በቃ።

ሰው ሲበተን ጠሩኝ። ሙሐዲን መሀላችን ቆመ።

"ያቺ የምትጮኸዋ ሴት ታዲያ ማን ናት?" አሉኝ።

"እናቴ ናት።"

"ለማን ነው ያለቀሰችው?"

"ለወንድሜ። ግን አላለቀሰችም። ተከልክላ ነበር።"

ሙሐዲን ይህን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደ። ወደ በሩ ተመለከተ፣ ድምፁንም ቀነሰ። ባህሪያ በአማርኛ፣ ለእኔ ብለው፣ ቃሉን እየፈለጉ፣ "እኔ ዝም ያልኩ ወድጄ ነው። እሷ ግን… ይሄ ከባድ ነው" አሉ። እጄን ያዙ። "ኦብሲ" አሉኝ። ቻለው ማለት ነው። "አላህ ሶብር ይስጥህ። የሞተበት ቀን መቼ ነው?"

ነገርኳቸው። ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም።

ጥር 21

ዝውውሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

የካቲት 9

ሁለት ዓመት ዛሬ። አምና ይህን ቀን ያሳለፍኩት የመዝገብ ቤት ፋይል ሳስተካክል ነው። ዘንድሮ ለደበበ አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

ሙሐዲን ጠዋት ሱቁን አልከፈተም። ሰባት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። እሱና ሀዋ ናቸው፣ ከኋላቸው የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ዋቅጅራ፣ ቀጥሎ ለጢፋ፣ ከየቡ ድረስ። ባህሪያ ልከዋት ነው፤ እሳቸውን ጉልበታቸው ከልክሏቸዋል። ገብተው ተቀመጡ። ቦታ አልበቃ ብሎ ዋቅጅራ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሆነ። ማንም ምንም አላለም። ተቀመጡ ብቻ።

ሁለት ዓመት ዘግይቶ ለቅሶ ደረሱኝ።

ሰዎቹን ምን ብለህ ጠራሃቸው አልኩት ሙሐዲንን በጆሮው። "ወንድሙ ሞቶበታል አልኩ። መቼ ብሎ የጠየቀኝ የለም።"

ዋቅጅራ ነው ምን ዓይነት ልጅ ነበር ያለኝ። ምን ልበል? ቆሞ ነበር የሚበላው አልኩ። እናቴ ሳህኑን ይዛ ትከተለው ነበር። ኳስ በግራ እግሩ ይጫወት ነበር፣ ጫማው ሁሌ በአንድ በኩል ነበር የሚያልቀው። ዋቅጅራ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደዚያ ያለ ጫማ ያውቃል። ፍስሐ ነበር ስሙ አልኩ። ጅማ ከመጣሁ ጀምሮ ስሙን ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሄዱ። ለጢፋ መኪና እንዳያመልጣት።

ያስቀረሁትን ገጽ አወጣሁ። ርእሱን ሰርዤ፣ "የሸዋረገጥ ለቅሶ፤ ለልጇ ለፍስሐ" ብዬ ጻፍኩበት። ሌላ የሰረዝኩት አንዲት ቃል ብቻ ናት።

አንበሳው ልጄ ጋሻዬ ወደቀ፣
ደረቴን ልምታው አንጀቴ ደቀቀ።

እንደሚባለው አልኩት፤ ድምፄን አውጥቼ፣ ቆሜ፣ ደረቴን እየመታሁ። ከግድግዳው ወዲያ ሙሐዲን ሥራ ጀምሮ ነበር። የስፌት መኪናው ቆመ። እስክጨርስ ድረስ መልሶ አልጀመረም።