የአቶ ይገዙ ፊት በአራት ወረቀት

«ባለቀለሙ ማተሚያ ጥቁርንም የሚያትም በመሆኑ፣ ለጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተብሎ የቀረበው ያገለገለ ማተሚያ ሦስት ፕሮፎርማ ስላልቀረበበት ውድቅ ተደርጓል። ትልቅ ፎቶ ሲያስፈልግ በአራት ወረቀት ከፋፍሎ አትሞ ማያያዝ ይቻላል።»
(ከዕድራችን ቃለ ጉባኤ፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.)

ለተከበሩ አቶ ጌታሁን
የዕድራችን የግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኮልፌ 18 ማዞሪያ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለዓይንዎ።

የዕድራችንን ሃምሳኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የመሥራቾቹ ፎቶ በትልቁ ታትሞ በአዳራሹ እንዲሰቀል ሲወሰን፣ አቅማችን የሚችለውን ማተሚያ አጥንቼ እንዳቀርብ የመረጣችሁኝ እኔን ነበር። አንድ ወር የፈጀውን ጥናቴን ሳታነቡ በመወሰን ከድካም ስለዳናችሁ ደስታዬ ወሰን የለውም። የቀሩኝን ጥቂት ቅሬታዎች እነሆ።

1. ፎቶ ቤቱን ሊዘጋ የተነሳው የዘነበወርቁ ዩሱፍ የሚሸጠው ማተሚያ ከጥቁሩ ሌላ ሁለት ግራጫ ቀለሞች አሉት፤ የአራት ተራ ወረቀት ስፋት ባለው አንድ ወጥ ወረቀት ላይ ያትማል፤ ዋጋውም እናንተ ከገዛችሁት አዲስ የቢሮ ማተሚያ በሦስት ሺህ ብር ያንሳል። ኮሚቴዎ ግን ከሦስት ሻጮች ሦስት የዋጋ ፕሮፎርማ ጠየቀ። ይህንኑ አሮጌ ማተሚያ በዚያው ሳምንት የሚሸጡ ሌሎች ሁለት ዩሱፎች በከተማው ባለመገኘታቸው ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አምናለሁ።

2. የገዛችሁት ማተሚያ ግራጫን የሚፈጥረው ሌሎቹን ቀለማት ቀላቅሎ ስለሆነ፣ የመሥራቾቻችን ግንባር አረንጓዴ፣ አንገታቸው ወይን ጠጅ ሆኖ ወጥቷል። ማተሚያውን የሞከራችሁት ሻጩ ባቀረበላችሁ የበቀቀን ፎቶ መሆኑን ሰምቻለሁ። በቀቀኑ በእርግጥ አምሮበታል፤ ከመሥራቾቻችን መካከል ግን በቀቀን አልነበረም።

3. ይህን በቀልድ ልጽፈው አልችልም። ከመሥራቾቹ ዛሬ በሕይወት ያሉት ወይዘሮ በላይነሽ ብቻ ናቸው። ቀኝ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ግራውም በግላኮማ እየደከመ ስለሆነ፣ ሐኪማቸው ከፋሲካ በኋላ ከዓይናቸው ብዙ እንዳይጠብቁ ነግሯቸዋል። የሟች ባለቤታቸውን፣ የመሥራቹን የአቶ ይገዙን ትንሽ ፎቶ ማየት ካቃታቸው ሁለት ዓመት ሆነ። ትልቅ የሆነና ጥቁሩ ከነጩ በደንብ የተለየ ፎቶ ግን ገና ያያሉ። ባለፈው እሑድ ከሁለት የኮሚቴ አባላትዎ ጋር የአቶ ይገዙ ፎቶ የታተመባቸውን፣ በፕላስተር የተያያዙትን አራት ወረቀቶች ይዘን ሄድን። አስጠግተው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ታዲዮስ፣ ይገዙ እኮ ፊቱ ላይ ጠባሳ አልነበረውም። የማንን ሰው ነው ያመጣችሁልኝ?» አሉኝ። መገጣጠሚያው በአቶ ይገዙ አፍንጫ መሃል ያልፍ ነበር።

ዩሱፍ ማተሚያውን የሚያቆይልን እስከ ጥር 30 ብቻ ነው። ስለሆነም ግዢው ይፈቀድ እንደሆነ፣ ካልተፈቀደም ምክንያቱን ቤታቸው ሄዶ ለወይዘሮ በላይነሽ የሚያስረዳው የኮሚቴ አባል ማን እንደሆነ በስም ተጠቅሶ፣ እስከ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለደንብ ያለዎትን ፍቅር ከሩቅ ሆኖ የሚያደንቀው፣
ታዲዮስ ያደሳ
የአባልነት ቁጥር 214

ግልባጭ፦ ለዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ሲነበብላቸው ወይዘሮ በላይነሽ፣ «ጌታሁንን አትቆጣው፣ ለፍቶ ነው» ብለው ምስጋናቸውን እንዳደርስልዎ አዘውኛል። አድርሻለሁ። የእሳቸውን ይቅርታ ግን የእኔ አድርገው እንዳይቆጥሩት።