ለታሸገ ውሃ የፈረምነው ፊርማ

ለክቡር አቶ ዳኘ ፍሬው
የጎራ ሥር የጠጠር ማምረቻና ማጓጓዣ ፕሮጀክት አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ እርስዎንም መላ ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት እንድታገኝልኝ፣ የመኪናዎም መስኮት ጥብቅ ብሎ ተዘግቶ የመንገዳችን አቧራ ጉሮሮዎን እንዳይነካብኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሆሳዕና ወደ ሀቢቾ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በጎራ ሥር ሰፈር፣ ሳሙናና ክብሪት የምሸጥ ባለሱቅ ነኝ። ከሱቄ ጀርባ ያለውን ጎራ ፈልጣችሁ ጠጠሩን በገልባጭ መኪና ልታጓጉዙት እንደሆነና ፈቃዱም የፊታችን ሐሙስ እንደሚጸድቅ ስለሰማሁ፣ እንደ እርስዎ ያለውን በሥራ የተጠመደ ሰው ማስቸገር ነውር መሆኑን እያወቅሁ ብዕሬን አነሳሁ። ከጎራው ግርጌ የምትፈልቀው ምንጭ የሰፈራችን ብቸኛ የመጠጥ ውሃ ናት። ሌላ የለንም።

አንደኛ፣ ለሕዝብ ዕይታ ስላስቀመጣችሁት የአካባቢ ጥበቃ ጥናት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሱቄን ዘግቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በገጽ አሥራ አራት ላይ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል በሚጥሉባቸው ወራት ጠጠር ወደ መርከብ መጫን እንደሚቆም ቃል ገብታችኋል። አንዳንድ ምቀኞች ጥናቱ ባሕር ካለው አገር እንዳለ የተገለበጠ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን በሀዲያ ምድር እስከ ዛሬ አንድም የባሕር ኤሊ ጉዳት እንዳልደረሰበት በኩራት እመሰክርላችኋለሁ። በቀጣዩ ገጽ ደግሞ በአካባቢው ምንም ዓይነት የውሃ ምንጭ እንደሌለ ተረጋግጧል። የሽፋኑ ፎቶግራፍ ባለሙያዎቻችሁ በዚያችው በሌለችው ምንጭ ጫማቸውን ሲያጥቡ ያሳያል። ፎቶው ጥሩ ወጥቷል።

ሁለተኛ፣ ለሙከራ ስላፈነዳችኋት ድማሚት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ምንጫችን ለአንድ ሳምንት ሻይ መስላ ወረደች። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሊሻን ለአራስ ልጇ የቀዳችው ጀሪካን ሲያድር ሁለት ጣት ጭቃ ይዞ ተገኘ። ባለሙያዎ ችግሩ ጊዜያዊ ነው ብለው ስላጽናኑን እያመሰገንን፣ ጥማችንም ጊዜያዊ እንዲሆን አንድ መመሪያ ቢያወጡልን ደስ ይለናል። እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁምና፣ ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። አንዲት ድማሚት ይህን ካደረገች፣ ጎራው በሙሉ ሲናድ ምንጯ የት ትሄዳለች?

ሦስተኛው ትንሽ የሚያሳፍር ነው፤ የሚያሳፍረውም እኔን ነው። በገበያ ቀን ለትውውቅ ብላችሁ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስባችሁን ነበር። በር ላይ ስማችንን ጽፈን ፈርመን አንዳንድ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ ተቀበልን። ምንጭ ያለን ሰዎች ለጠርሙስ ውሃ ተጋፍተን ተሰለፍን፤ እኔም ሰባተኛዋ ነበርኩ። ያ የመገኘታችን ፊርማ በሳምንቱ ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ የደገፉ 187 ነዋሪዎች ተብሎ ከማመልከቻችሁ ጋር ተያይዞ አገኘነው። ጋሽ ብሩ የዓይናቸውን ብርሃን ካጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ በቃለ ጉባኤው ግን ካርታውን በጥሞና ተመልክተው መርካታቸው ተመዝግቦላቸዋል። ሲነበብላቸው በጣም ተደሰቱ። ካርታው ላይ ምን እንዳዩ እባክዎ እንዲነግሯቸው አደራ ብለውኛል።

ልመናዬ አጭር ነው። ከሐሙስ በፊት፣ ባሕር የማያሻግር፣ ምንጫችንን የሚያውቅ ጥናት ይሠራልን፤ ስብሰባውም እንደገና ይጠራ። ውሃውን እኛ እናቀርባለን።

በጥናቱ በየገጹ ስላሳዩን ትጋት፣ ስላልጠየቁን ጥያቄና እኛን ወክለው ስለሰጡልን መልስ ወሰን የሌለውን ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለጠጠርዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣

ትሑት አክባሪዎ
ትርፊት ኃይለሚካኤል
በድጋፍ መዝገብዎ ተራ ቁጥር 7

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ላይ በክብር እንግድነት መገኘትዎ አኩርቶናል። የምንጫችንን ውሃ በብርጭቆ ብናቀርብልዎ ገፋ አድርገው ከመኪናዎ የታሸገውን ማስመጣትዎንም ሁላችን አይተናል። ሲወጡ መምህርት ትርሲት ባቀረበችልዎ የእንግዶች መዝገብ ላይ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ፈርመዋል። እኛም ከቢሮዎ በተማርነው አሠራር መሠረት ያንን ገጽ ገንጥለን፣ 187ታችን እንደገና ከፈረምንበት የተቃውሞ ማመልከቻ ጋር አያይዘን ፈቃዱን ለሚያጸድቀው የበላይ አካል ልከነዋል፤ ተራ ቁጥርዎ 188 ነው። የፈረምኩት ለመገኘቴ እንጂ ለተቃውሞ አይደለም የሚሉ ከሆነ ችግር የለውም፤ የእኛ ፊርማ ከእርስዎ መዝገብ በሚሰረዝበት ቀን፣ የእርስዎም ከእኛ መዝገብ ይሰረዛል።