ከሪህ ጥናት ስለተሰረዙ ሁለት መሪጌቶች

ቢቸና፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለተከበሩ የሪህ መድኃኒት ጥናት ኃላፊ
ሞጣ

ክቡር ጓድ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእግሬ አውራ ጣት በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። የእርስዎም ጣት እንደ እኔው አብጦ ነጠላ ሲነካው የሚያስጮህ ቀን እንዳይመጣብዎት ዘወትር እጸልያለሁ። ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ እኔና ባልንጀራዬ መሪጌታ ሣህለ ማርያም በየወሩ ከቢቸና ሞጣ ድረስ በጭነት መኪና እየተንገጫገጭን መጥተን ደማችንን እንድንሰጥ ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። ለግማሾቻችን እውነተኛው፣ ለግማሾቻችን መድኃኒት መሳይ ባዶ ክኒን እንደሚሰጥ፣ የማን የትኛው እንደሆነ ግን እንደማይነገር አስረድተውናል፤ ይህን አልክድም።

ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ወር እኔ ማኅሌት መቆም ስችል እሱ መቋሚያውን ታቅፎ መሬት ሲቀመጥ አየሁና ክኒኔን አጋምሼ ሰጠሁት። በተማሪነታችን የለመንነውን ቁራሽ ከአንድ አኮፋዳ እየበላን ስላደግን፣ ለብቻ መዳን የሚባለውን ነገር አላወቅሁበትም። ነውር ስላልመሰለኝ ለጸሐፊዎ ራሴ ነገርኩት። ጥናቱን አበላሻችሁ ተብለን ሁለታችንም ተሰረዝን። አንድ ማመልከቻ ዓመት በሚፈጅበት አገር የእኛ ጉዳይ ከምሳ በፊት ማለቁ ያስመሰግንዎታል።

ሦስተኛ፣ ሣህለ ማርያም ሦስት ደብዳቤ ጻፈልዎ። ምን እንዳለ ለእኔ አላሳየኝም። እርስዎም ባለመመለስዎ ከንባብ ድካም አሳረፉት። በሽታው ኩላሊቱ ገብቶ በጥር ወር አረፈ። በቀብሩ ላይ ዜማውን የመራሁት እኔ ነበርኩ፤ ግን ሁለት ጊዜ ዜማውን ሳትኩት። ሰው ኀዘን ነው ብሎ አለፈው። እኔ ግን ያሰረዘው የእኔ ክኒን ነው እያልኩ አፍሬም ነበር።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመዝገብዎ «ደንብ አፍራሽ» ተብሎ የተጻፈው ስሙ ይታረምልኝ።

ለሰፊው ሕዝብ ጤና ሲደክሙ ደብዳቤ ለመክፈት ጊዜ ያጡትን እርስዎን በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳው፣ አንድ እግር ጫማ ብቻ የሚበቃኝ አገልጋይዎ፣

መሪጌታ ወልደ ሰንበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቱ ወይዘሮ ሀብትነሽ ሳጥኑን ስትከፍት ያካፈልኩትን ክኒን አንድም ሳይጎድል በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘችው። በላዩ «ጥናቱ ሲያልቅ ለወልደ ሰንበት» የሚል የእጅ ጽሑፉ አለበት። የዋጠው እርስዎ የሰጡትን ብቻ ነበር። በእሱ በኩል ጥናትዎ አልተበላሸምና እንኳን ደስ አለዎት። ክኒኖቹን እኔ ልውጣቸው ስላልቻልኩ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሦስቱ ደብዳቤዎችም እንደታሸጉ ካሉ ይክፈቷቸው፤ ይህንኑ ሳይነግርዎት አልቀረም።